ሳይተከል የበቀለው የሁምቦ ደን

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው ሁምቦ ወረዳን ያቋርጣል። ዛሬ ዛፍ የለበሰው ተራራ የዛሬ 20 ዓመት ገደማ የተራቆተ ነበር። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አልቆ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ከግርጌው ባሉት መንደሮች ማሳ ላይ ይወርድ ነበር።

ታዲያ ተራራው እንዴት አገገመ? ብዙዎቻችን «ችግኝ ተክለው ነዋ!» እንላለን። ዋናው መልስ ግን ጉቶ ነው።

ዛፍ ተቆረጠ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። የብዙ አገር በቀል ዛፎች ሥር መሬት ውስጥ በሕይወት ይቆያል፤ በየክረምቱም ያቆጠቁጣል። ግን ፍየል ይበላዋል፣ ወይ ለማገዶ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ቁጥቋጦ እንደሆነ ይቀራል።

ሥራው ቀላል ነው። ከብት እንዳይገባ ቦታው ይከለላል። ከጉቶው ከበቀሉት ቅርንጫፎች ጠንካሮቹ ብቻ ይቀሩና ሌላው ይመለመላል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ከአዲስ ችግኝ ቶሎ ያድጋል፣ ድርቅም ይችላል። በሁምቦ 2,728 ሄክታር በዋናነት በዚህ መንገድ አገገመ፤ ጉቶ በሌለባቸው ቦታዎች ደግሞ ችግኝ ተጨመረ።

ከባዱ ነገር ሰው ጋ ነው። «ከብቴን የት ላሰማራ? በምን ላብስል?» የሚል ገበሬ ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልስ ካላገኘ ማታ መጥረቢያ ይዞ ይመለሳል። በሁምቦ ነዋሪዎቹ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በደኑ የመጠቀም ሕጋዊ መብት አገኙ። ሳሩን አጭደው ለከብት ይወስዳሉ፤ የተመለመለው ለማገዶ ይሆናል። ወርልድ ቪዥን ያገዘው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። ደኑ ከሚያምቀው ካርቦን የተወሰነውን የዓለም ባንክ ፈንድ ገዝቶ ገንዘቡ ለማኅበራቱ ደረሰ። የኔ ነው ያለ ሰው ደግሞ ይጠብቃል።

እኛ ችግኝ አትትከሉ እያልን አይደለም። በክረምት ችግኝ ይዛችሁ ኮረብታ ስትወጡ ግን ከመቆፈራችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ። ሁለተኛ፣ እዚያ ከብት የሚያሰማራውን ሰው አነጋግሩ። ጉቶ ካለና ሰውየው ከተስማማ ግማሹ ሥራ አልቋል።

በእናንተ አካባቢስ እንዲህ ያገገመ ኮረብታ አለ? ጻፉልን።