ለትንሽ ጌም የሚጻፍ አስተያየት

ሉደም ዳሬ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ የጌም ሥራ ውድድር ነው። የጀመረው ጄፍ ሃውላንድ ነው። ዋናው ምድብ ጥብቅ ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን፣ ጭብጡ በተነገረ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ኮዱንም ሥዕሉንም ድምፁንም ራሱ ሠርቶ ያስረክባል። ለቀቅ ያለው ምድብ 72 ሰዓት ይሰጣል፤ በቡድን መሥራትም ይፈቀድበታል። የገንዘብ ሽልማት የለውም፤ የተሾሙ ዳኞችም የሉትም።

ዳኞቹ ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። ርክክቡ እንዳበቃ ለሳምንታት አንዱ የሌላውን ጌም ይጫወታል፤ በአዝናኝነቱ፣ በፈጠራው፣ በሥዕሉ፣ በድምፁ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ አስተያየትም ይጽፋል። አንድ ጌም ደረጃ እንዲወጣለት ቢያንስ 20 ሰው ነጥብ ሊሰጠው ይገባል። ለሌሎች አስተያየት የሚጽፍ ሰው ደግሞ የራሱ ጌም ከፊት ወጥቶ እንዲታይ ይደረጋል። ይህ ሥርዓት በጣም ደስ ይለኛል፤ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ከገንዘብ በላይ የሚያጣው፣ ሥራውን በጥሞና የሚያይለት ሰው ነውና።

እኛ ጀማሪን «ጎበዝ፣ በርታ!» ብለን ማለፍ ይቀናናል። መልካም ቃል ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ ለሠራ ሰውም ይገባዋል። ነገር ግን ሠሪው በማግስቱ ኮዱን ሲከፍት የቱን እንደሚያስተካክል አይነግረውም። «አይረባም» የሚለውም እንደዚሁ፤ እሱማ ቅስም ይሰብራል።

አንድ የዝላይ ጌም እንውሰድ። ተጫዋቹ «መቆጣጠሪያው አይታዘዝም» ብሎ ቢጽፍ ሠሪው ግራ ይጋባል፤ እሱ ሲጫወተው ይታዘዛላ! «ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ ከሰፊው ገደል ጫፍ ስደርስ የመዝለያውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ሳይዘል ወደቀ፤ ደጋግሞ ሆነብኝ» ቢለው ግን ችግሩ ይገለጥለታል። ተጫዋቹ ቁልፉን የነካው የገጸ ባሕርዩ እግር ጫፉን ካለፈ በኋላ፣ በዓይን በማይለይ ቅጽበት ዘግይቶ ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ ጫፉን ካለፈም በኋላ ለጥቂት የሴኮንድ ክፍልፋይ መዝለል ይፈቀድለታል። የሙያው ሰዎች «ኮዮቲ ታይም» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዝነኛው የዝላይ ጌም «ሴሌስት» ይህን ምሕረት ይጠቀማል። እሱም ቢሆን መነሻው ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በአራት ቀን የሠሯት ትንሽ ጌም ናት።

ተጫዋች የት እንደተቸገረ ሲናገር ማመን ነው፤ መድኃኒቱን ሲያዝ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። «ጠላቶቹን ቀንስ» ይላል፤ ለካስ ጠላት መምጣቱን የሚያስጠነቅቀው ድምፅ በሙዚቃው ተውጦ ኖሯል። ስለዚህ የደረሰብንን እንጻፍ፤ መፍትሔ ከታየን እንደ ሐሳብ እናክልበት። በኪቦርድ ይሁን በስልክ የተጫወትነው፣ ጌሙ ከተዘጋብንም መጨረሻ ላይ ምን ነክተን እንደነበር መግለጽ አይዘንጋ። በሁለት ቀን ለተሠራ ጌም «ለምን በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር አያጫውትም?» ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ምስጋናም ቦታው ይጠቀስ። የበሩ መከፈቻ ድምፅ ካስደሰተን እሱኑ በስም ጠርተን እናመስግን፤ አለዚያ ሠሪው ሌላውን ሲያሻሽል ጥሩውንም አብሮ ሊያወጣው ይችላል።

ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጌሞች በነፃ፣ በብሮውዘር የሚከፈቱ ናቸው። እርስዎ ጌም አዘውትረው የማይጫወቱ ከሆነ ይበልጥ ይፈለጋሉ፤ ሠሪው «ይህማ ለማንም ግልጽ ነው» ብሎ ያለፈው ነገር የሚያደናቅፈው እርስዎን ነው። ይጫወቱና የቆሙበትን ቦታ ይጻፉለት።