ቢራ መሳዩ የፎገራ ጠላ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የሚያገኛት ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ሰሜን ጎንደርን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ይዘልቃል። መንገድ በተገናኘበት ሁሉ መጠጥ አይጠፋምና በወረታም ሁለት ዐይነት ቤቶች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በአንደኛው በር የቢራ ሣጥን ተደርድሯል፤ በሁለተኛው በር ደግሞ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ቆሟል። ጣሳው «እዚህ ጠላ አለ» ማለት እንደ ሆነ ፊደል ያልቆጠረውም ያውቃል።

ከጣሳው ቤት ገብቶ «ምን አለ?» ለሚል ሰው ግን መልሱ ዛሬ አንድ ብቻ አይደለም። «ጠላ ላምጣ ወይስ ፊልተር?» ተብሎ ይጠየቃል።

ፊልተር የተባለው ቃል ከፈረንጅ አገር የመጣ ሲሆን ማጥለያ ማለት ነው፤ ስሙ ከማጥለያው ወደ ተጠለለው መጠጥ ተዛውሮ ቀርቷል። መጠጡ ከተለመደው ጠላ ይልቅ የጠራ፥ ወፈር ያላለ፥ ኀይሉም የበረታ ነው። በብርጭቆ ተቀድቶ በመስኮት በኩል ወደ ብርሃን ቢያዩት ወርቃማ መልክ አለው። ስለዚህም አንዳንዱ «የቤት ቢራ» ብሎ ይመካበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ጠላም ቢራም ያልሆነ፥ የፈረንጅ ግልባጭ» ብሎ ይንቀዋል። እኛ በበኩላችን ነገሩን በመመካትም ሆነ በመናቅ ሳይሆን በምጣዱና በእንስራው በኩል ልንመለከተው ወደድን።

አንባብያን እንደሚያውቁት የጠላ ሥራ በዕቃ ማጠብ ይጀመራል። እንስራው ወይም ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ይታጠናል። ገብሱ ተነክሮ በቅጠል ተጠቅልሎ ይበቅላል፤ ከበቀለም በኋላ ደርቆ ይፈጫል፤ ይኸውም ብቅል ነው። የተወቀጠው ጌሾ ከውሃና ከጥቂት ብቅል ጋር ሆኖ ጥንስሱ ይጠነሰሳል። ከዚያ ዱቄቱ በውሃ ተለውሶ በምጣድ ላይ ይታመስና እንኩሮ ይሆናል፤ ወይም ቂጣ ተጋግሮ ይቈረሳል። ይህ ሁሉ ከጥንስሱ ጋር ሲዋሐድ ድፍድፍ ይባላል። ድፍድፉ ቀኑን ጠብቆ ሲበስል ውሃ ይሞላበትና አፉ ይታሸጋል፤ ጠላ ወጣ ማለት ነው።

ፊልተር የሚለየው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ጠማቂዋ በድፍድፉ ላይ ብዙ ውሃ አታፈስበትም፤ ጥቂት ብቻ ጨምራ በንጹሕ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ጠጣር የሆነው ሁሉ በጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ የሚወርደው ፈሳሽ እንደ ገና ታሽጎ ያድራል። እንግዲህ የመጥራቱ ምክንያት ጨርቁ ነው፤ የመበርታቱ ምክንያት ግን የውሃው ማነስ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በወረታ ከአንዲት ጠማቂ ቤት ተቀምጠን ስለዚሁ ስንጠይቅ ሴትዮዋ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፥ እኔ ከማን ተማርሁት! ሹፌሩ ይመጣና ‹እትዬ፥ ቢራ የሚመስለውን› ይላል። ቢራ የሚመስለው እንዴት ያለው ነው ብዬ ጠርሙሱን አየሁት። መልኩ ነጣ ያለ ነው። እንኩሮውን ሳላሳርር አወጣሁት። ምሬቱ ቀለል ያለ ነው። ጌሾውን ቀነስሁት። ከዳጉሳውም ይልቅ ሩዙን አበዛሁት። ይኸው ነው።»

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ዘመን አልሆነንም፤ ሆኖም በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ የተጨመቀውን ያህል የመጥመቅ ዕውቀት በአንድ ሰዓት ትምህርት ውስጥ ሰምተን አናውቅም። የጠላ መጥቈር የሚመጣው በአብዛኛው ከምጣዱ እሳት ነው፤ የጥቁር ቢራ መልክም የሚመጣው ከተቈላ ብቅል ነው። ሴትዮዋ እሳቱን ሲቀንሱ የቢራ ፋብሪካው ባለሙያ ነጭ ብቅል ሲመርጥ የሚያደርገውን አደረጉ። ስለ ሩዙ ግን ትንሽ ዘርዘር አድርገን ልንናገር ይገባናል፤ ፎገራን ከሌላው የጠላ አገር የሚለየው እርሱ ነውና።

የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ ክረምት ክረምት የሚተኙበት ረግረግ ነው። በቀድሞው ዘመን ገበሬው ከዚህ ውሃ ጋር ሲታገል ይኖር ነበር፤ ሜዳው በይበልጥ የታወቀውም በፎገራ ላም ነው። በደርግ ዘመነ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ በመጡ ባለሙያዎች ርዳታ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ፤ ውሃ የማይፈራው እህል ውሃ ከማይጠፋበት መሬት ጋር ተስማማ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ታዋቂ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከጅግና ነው። የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ በወረታ ነው። ሩዙ በመጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ወደ እንጀራው ገባ፤ ከዚያም ወደ ጠላውና ወደ አረቄው ዘለቀ። ማንም አዋጅ አላወጀበትም፤ በቤቱ ያለው እህል እርሱ ስለ ሆነ ብቻ ነው።

አሁን ነገሩን ወደ ባሕር ማዶ ወሰድ እናድርገው። በባቫርያ በ1516 እ.ኤ.አ. የወጣው ዝነኛ ደንብ ቢራ ከውሃ፥ ከገብስና ከሆፕ ብቻ እንዲጠመቅ ያዝዛል፤ በዚያ ደንብ ብትዳኝ የፎገራዋ ጠማቂ ጥፋተኛ በሆነች ነበር። የአሜሪካ ጠማቂዎች ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአገራቸው ገብስ ቢራቸውን እያደፈረሰ ቢያስቸግራቸው ሩዝና በቆሎ እየጨመሩ አቀጠኑት። ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠመቀው በድዋይዘር እስከ ዛሬ ሩዝ አለበት፤ በጃፓንም እንዲሁ በሩዝ የሚጠመቁ ቢራዎች አሉ። ሩዝ መልክን ያነጣል፤ ጣዕምን ያቀልላል። ዳሩ ግን ሩዝ ብቻውን ወደ ስኳር አይለወጥም፤ ብቅሉ ይለውጠው ዘንድ አስቀድሞ በሙቀትና በውሃ መብሰል አለበት። ፋብሪካው ለዚህ ሲል ሩዙን ለብቻው በትልቅ ብረት ድስት ይቀቅለዋል። የፎገራዋ ሴት ለዚሁ ሥራ ምጣድ አላት፤ የሩዙን ዱቄት በውሃ ለውሳ ስታምሰው ያንኑ ትፈጽማለች። «ግልባጭ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አፍን ያስይዛል። ከሴንት ሉዊስ ከተማ የመጣ ሰው አላስተማራትም፤ ሁለቱም አንድ እህል ይዘው አንድ ችግር ስላጋጠማቸው አንድ መፍትሔ ላይ ደረሱ።

የፋብሪካን ቢራ በቤት መምሰል በሌላውም ዓለም ያለ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር በቤት ቢራ ለሚጠምቅ ሰው ያስፈልግ የነበረው የፈቃድ ወረቀት በ1963 እ.ኤ.አ. ቀረ፤ በአሜሪካም በ1978 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ የቤት ቢራ ከፌዴራል እገዳ ወጣ። በዚያው ዓመት ዴቭ ላይን የተባለ እንግሊዛዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ በገበያ የሚሸጡትን ቢራዎች መስለው የሚወጡ መጠጦችን በቤት መጥመቅ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ እያንዳንዱ ቢራ በስሙ ተጠርቶ የብቅሉና የሆፑ ልክ ተመዝኖለታል። እንግሊዛዊው ይህን የሚያደርገው ለትርፍ ጊዜው መደሰቻና ከኪሱ የሚወጣውን ለመቀነስ ነው፤ ጠምቆ መሸጥ አይፈቀድለትም። የወረታዋ ጠማቂ ግን የምታጠልለው ልጆቿን ለማስተማር ነው። እርሱ ቢበላሽበት ደፍቶ ሌላ ይጀምራል፤ እርሷ ቢበላሽባት የሳምንቱ እህል ጠፋ። በተጨማሪም ተፎካካሪዋ ቀላል አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሲጠመቅ የኖረ ነው፤ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዳሸን ከዚያው ከጎረቤቷ ከጎንደር እየተጫነ በደጇ ያልፋል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለፊልተር የሚመሰክር ነው። አሁን ደግሞ መምሰሉ የት ላይ እንደሚቆም እንመልከት።

ጨርቅ እህሉን ይይዛል እንጂ እርሾውን አይዝም። የእርሾ ነፍስ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ የማትሞላ ስለ ሆነች በጨርቁ ቀዳዳ ሠራዊት ሆና ታልፋለች። የሚያኮመጥጡት ተሐዋስያን ከርሷም ያንሳሉ። በኮፐንሀገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ሀንሰን የተባለ ሊቅ በ1883 እ.ኤ.አ. አንድ ንጹሕ እርሾ ለይቶ ካወጣ ወዲህ የፋብሪካ ቢራ የሚጠመቀው በተመረጠ እርሾ፥ በብርድ ነው፤ ከተጠመቀም በኋላ በብርድ ይተኛል፤ እርሾው ተጣርቶ ይወጣል፤ ጠርሙሱም በሙቅ ውሃ ይታጠናል። ስለዚህ ቢራ በጠርሙሱ ውስጥ ጸጥ ብሎ ወራት ይቀመጣል። የፎገራ ሙቀት ግን ለዚህ አይመችም። ፊልተር ከተጠለለ በኋላም ሥራውን አያቆምም፤ በቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል። የጠራ ስለ መሰለ የሞተ የመሰለው ሰው በጠርሙስ ሞልቶ አጥብቆ ቢከድነው ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ላስቲኩ ይነፋል፤ ብርጭቆው ይፈነዳል። እንስራው አፉ በጭቃ ቢመረግም ይተነፍሳል፤ ጠርሙስ አይተነፍስም። ጠማቂዋ ከቢራው መልኩን ብትወስድ አንነቅፋትም፤ ቆርኪውን ግን ባትወስድ ይሻላል።

ከዚህ የከበደው ነገር የኀይሉ ነገር ነው። በልዩ ልዩ ጊዜ በተደረጉ ምርመራዎች የተለመደው ጠላ አልኮል ከመቶ ከ2 እስከ 4 ያህል፥ የፊልተር ግን ከ5 እስከ 6 ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የጠርሙስ ቢራችን በአብዛኛው 5 ግድም ነው። እንግዲህ ፊልተር ቢራን በመልክ ብቻ ሳይሆን በኀይልም መስሏል፤ አንዳንዴም አልፎታል። በዚህ ማንም አያፍርም። ችግሩ ስሙና ጣሳው ናቸው። ቢራ የሚጠጣ ሰው ጠርሙሱን ይቈጥራል፤ በጠርሙሱም ላይ የኀይሉ ልክ ተጽፏል። ጠላ የሚጠጣ ሰው ግን አይቈጥርም፤ ጠላ ጥም ይቈርጣል፥ ከምሳ ጋር ይወርዳል፥ ሲጎድል ይሞላል። ፊልተርም «ጠላ ነው» እየተባለ በዚያው ልማድ ይሞላል። አንድ ሊትር ፊልተር የጠጣ ሰው ግን ከሦስት ጠርሙስ ቢራ ያላነሰ ጠጥቷል።

ይህን ስሌት ለሴትዮዋ ስንነግራቸው ወዲያው መልስ አልሰጡም። ጥቂት ቆይተው «እኛስ እናውቀዋለን፤ ሹፌሩ ነው የማያውቀው» አሉ።

በእውነቱ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፊልተርን «ቢራ የሚመስለውን» እያለ ከሚያዝዙት ሰዎች መካከል የጭነት መኪና ቁልፍ በኪሱ የያዘ ይገኛል፤ ከወረታ ወጥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን ዳገትና ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ምን ለማለት እንደ ፈለግን ይገባዋል። ይህ ሹፌር ሦስት ቢራ ጠጥተህ ንዳ ቢሉት «እኔን ምን አድርጌህ!» ይላል፤ «አንድ ጣሳ ጠላ ቀመስሁ» ብሎ ግን ያለ ሐሳብ ሞተሩን ያስነሣል።

መለካት የሚከብድ ነገር አይደለም። በፈሳሽ ውስጥ የስኳሩን መጠን የሚለካ፥ በውስጡ ቆሞ የሚንሳፈፍ የብርጭቆ መለኪያ አለ፤ የቤት ጠማቂ እንግሊዛዊ ሁሉ በመሳቢያው ውስጥ ይዞታል። መፍላቱ ሳይጀምርና መጠጡ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አስገብቶ ልዩነቱን ማየት የኀይሉን ግምት ይሰጣል። የፎገራን ሩዝ ለሚመራመሩት ጠበብት የአንዲት ጠማቂ እንስራ ጥቂት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ስለ ሩዙ ምርት እንደሚመዝኑ ሁሉ ስለ ሩዙ ጠላም አንድ ቀን ቢመዝኑ መልካም ነበር። ስለ ጌሾውማ ኢትዮጵያውያን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከቅጠሉ ውስጥ መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው ስም ካወጡለትና በ1995 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ካሳተሙት ቆይቷል። ፋብሪካዎቻችን ሆፑን ከውጭ ሲያስመጡ ጌሾ በየጓሮው ይበቅላል።

ሴትዮዋ ለጊዜው ያላቸው መለኪያ ምላሳቸው ነው። ለሹፌሩ ከፊልተሩ አንድ ብርጭቆ ብቻ እንደሚቀዱለት፥ «ጨምሪ» ሲል ከጠላው እንደሚሰጡት ነገሩን። ገበያው ይህን አይወድም፤ ደንበኛ ይቀየማል፤ አንዳንዱም ተነሥቶ ወደ ማዶው ቤት ይሻገራል። ፊልተሩ ከተጠለለ በኋላ የቀረው ድፍድፍ ግን አይጣልም። እንደ ገና ውሃ ይፈስበትና ቅራሪ ይሆናል፤ እርሱን ጎረቤት፥ የቀን ሠራተኛና ባለቤቷ ራሷ ይጠጡታል። ከዚያም አተላው በገንዳ ተገልብጦ ለላሚቱ ይሄዳል።