ካንሰርን የሚያጋልጠው ምልክት

በቤተሰብ ውስጥ ካንሰር ሲገኝ ቶሎ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ «የመከላከል አቅሙ ተዳክሞ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሰማ ዘመድ ታማሚውን ለማበርታት የማያቀርበው ነገር የለም። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ማሩ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ «አቅም ይጨምራል» ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ዱቄትና እንክብል ሁሉ ይደረደራል። ጥሩ ምግብ ለማንኛውም ሕመምተኛ ይበጃል፤ በዚህ አንከራከርም። ይሁንና ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እስከዚያች ቀን ድረስ ጉንፋኑንም፣ የቁስሉን ምርቀዛም በራሳቸው አቅም ሲያሸንፉ የኖሩ ናቸው። ሰውነታቸው ጉልበት ነበረው፤ ያላወቀው ማንን መምታት እንዳለበት ነው።

የካንሰር ተመራማሪዎችን ለአሥርት ዓመታት ያደከመው ጥያቄም ይኸው ነው። የካንሰር ሕዋስ ከጤነኛው ሕዋስ በምን ምልክት ይለያል? ይህ ምልክት በሕክምናው ቋንቋ የዕጢ አንቲጂን ይባላል። የሰውነትን የራሱን መከላከያ በካንሰር ላይ የሚያዘምተው፣ ኢሚዩኖቴራፒ የተባለው ሕክምና ውጤቱም ሆነ አደጋው በአብዛኛው ከዚህ ምልክት ይመነጫል።

ነገሩን ለመረዳት የእህል ገበያን ያስቡ። ገዢው ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያያትና የውስጡን ይገምታል። ሕዋሶቻችንም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጡ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች ይቆራርጥና አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ አሚኖ አሲድ ርዝመት ያላቸውን ቁርጥራጮች ወደ ውጭ አውጥቶ በገጹ ላይ ያሳያል። ቁርጥራጩን ይዞ የሚያሳየው ኤችኤልኤ የተባለ ሞለኪውል ነው። ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እየዞሩ ይህን ናሙና ይፈትሻሉ። የለመዱት ከሆነ ያልፋሉ። የቫይረስ ቁራጭ ካገኙ ግን ሕዋሱን ይገድሉታል።

የካንሰር አስቸጋሪነት ባዕድ ባለመሆኑ ነው። ከራሳችን ሕዋስ የበቀለ ስለሆነ ከሚያሳየው ናሙና አብዛኛው ከጤነኛው ጎረቤቱ ጋር አንድ ነው። እንክርዳድ ቡቃያ ሳለ ስንዴ መስሎ ገበሬውን እንደሚያታልለው ማለት ነው። እንክርዳዱን የነቀለ መስሎት ስንዴውን የሚነቅል አራሚ ደግሞ ከነአረሙ ከተተወው እርሻ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

በሰው ላይ ቲ ሴሎች የሚለዩት የመጀመሪያው የካንሰር ምልክት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በብራስልስ በሚገኘው የሉድቪግ የካንሰር ምርምር ተቋም በቲየሪ ቡን የሚመራው ቡድን ሜላኖማ ከተባለ የቆዳ ካንሰር ታማሚ ዕጢና ቲ ሴሎች ተሰጠው። ተመራማሪዎቹ የዕጢውን ዘረመል ቆራርጠው፣ ቲ ሴሎቹ በማይነኳቸው ሕዋሳት ውስጥ ቁራጮቹን ማስገባት ጀመሩ። ከዚያ የትኛው ቁራጭ ሲገባ ቲ ሴሎቹ እንደሚነሡ ጠበቁ። ሥራው አድካሚ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሜጅ-1 ብለው የሰየሙትን ዘረመል አገኙ። ይህ ዘረመል ከወንድ የዘር ፍሬ በስተቀር በጤነኛው የሰውነት ክፍል ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ዝም ያለ ነው። በዕጢው ውስጥ ግን ይነቃል። የዘር ሕዋሳት ደግሞ ናሙና አሳያቸውን ኤችኤልኤ ስለማያወጡ ከቲ ሴል ጥቃት ያመልጣሉ። ከዚህ የተሻለ ዒላማ ከየት ይገኛል?

እንዲያ ነበር የታሰበው። የሜጅ-1 ዘመድ በሆነው ሜጅ-ኤ3 ላይ የተሠራ ክትባት ከ2,200 በላይ በሆኑ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ ሲታወቅ ክትባቱን ባገኙትና ባላገኙት መካከል ልዩነት አልታየም። ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነው ደግሞ የከፋ ነበር። ሌላ ቡድን የታማሚዎችን ቲ ሴሎች ወስዶ ሜጅ-ኤ3ን አጥብቀው እንዲይዙ በቤተ ሙከራ ካሻሻላቸው በኋላ ወደ ሰውነታቸው መለሳቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ታማሚዎች በቀናት ውስጥ ልባቸው ደክሞ ሞቱ። ልባቸው ውስጥ ሜጅ-ኤ3 አልነበረም። ምርመራው ሲቀጥል ጥፋቱ ቲቲን የተባለ የልብ ጡንቻ ፕሮቲን ጋ ተገኘ። የሜጅ-ኤ3 ቁራጭ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ አለው፤ ከቲቲን የሚወጣውም ዘጠኝ ነው፤ ከዘጠኙ አምስቱ በቦታም በዓይነትም አንድ ናቸው። ቲ ሴሎቹን ለማታለል ይህ በቂ ነበር። ሙከራው አስቀድሞ በቤተ ሙከራ በተለመዱት ሕዋሳት ላይ ሲደረግ አደጋው አለመታየቱም ምክንያት ነበረው። ቲቲን ጎልቶ የታየው በቤተ ሙከራ ውስጥ እንደ ልብ በሚመቱ የልብ ሕዋሳት ላይ ብቻ ነው። ይህ የምርምር ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር።

ስለ ኢሚዩኖቴራፒ የሚጻፉ ዜናዎች እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ብዙ ጊዜ ይዘሏቸዋል። በእኛ እምነት ግን አንድን ምልክት መርጦ ታማሚ ዘንድ ለማድረስ ለምን ረጅም ዓመታት እንደሚፈጅ የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

የተሳካላቸውም አሉ። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በዕጢው ገጽ ላይ ከልክ በላይ ተከማችቶ ይገኛል። ይህን ፕሮቲን የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፈቃድ ካገኘ ወዲህ የዚህን የጡት ካንሰር ዓይነት ታሪክ ቀይሯል። በአንዳንድ የደም ካንሰሮች ላይ ደግሞ ሲዲ-19 የተባለ ምልክት አለ። ይህ ምልክት በካንሰሩ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ ቢ ሴል በተባሉት ጤነኛ የደም ሕዋሳት ሁሉ ላይ ይገኛል። ሆኖም ሰው ያለ ቢ ሴል በሐኪም ክትትል መኖር ስለሚችል ሁለቱን አብሮ ማጥፋት የሚቻል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 በፊላደልፊያ ሌላ ሕክምና አልሠራላት ያለ የስድስት ዓመት ልጅ ኤሚሊ ኋይትሄድ የራሷ ቲ ሴሎች ሲዲ-19ን እንዲያድኑ ተደርገው ተመለሱላት፤ ከዚያ ወዲህም ከካንሰር ነፃ ሆና አድጋለች። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ ያዳነው ምልክቱ ፍጹም መሆኑ አይደለም፤ አብሮ የሚጠፋው ጤነኛ ሕዋስ ሰው ሊያጣው የሚችለው ዓይነት መሆኑ ነው። ልብ ግን እንዲህ አይደለም።

አንዳንዱ ምልክት ደግሞ ለእኛ ቅርብ ከሆነ በሽታ ተገኝቷል። በአርሲና በባሌ አካባቢ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ ሐኪሞቻችን ከገለጹ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በኒውዮርክ ተመራማሪዎች ከአንድ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ታማሚ ያገኙት አንቲጂን ኤንዋይ-ኢሶ-1 ይባላል፤ «ኢሶ» የምግብ ቧንቧን ስም ያስታውሳል። ያገኙት በቲ ሴል ሳይሆን በታማሚው ደም ውስጥ የነበሩ ፀረ እንግዳ አካላት ምን እንደያዙ በመፈለግ ነው። ዛሬም በተለያዩ ካንሰሮች ላይ ምርምር ይካሄድበታል።

አሁን ብዙ ተስፋ የተጣለበት ግን የእያንዳንዱን ሰው ዕጢ ለብቻው ማንበብ ነው። ካንሰር ሲያድግ ዘረመሉ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም በጤነኛው ሕዋስ ውስጥ ጨርሶ ያልነበረ ቁራጭ ይፈጥራል። ተመራማሪዎች የዕጢውን ዘረመል ከታማሚው ጤነኛ ደም ጋር አስተያይተው ልዩነቱን ያወጣሉ፤ ከልዩነቶቹም ውስጥ የታማሚው ኤችኤልኤ ይዞ ያሳያቸዋል ተብለው የሚገመቱትን በኮምፒውተር ይመርጣሉ። የተመረጡት ቁራጮች ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ክትባት ይሠራባቸዋል። 157 የሜላኖማ ታማሚዎች በተሳተፉበት አንድ ሙከራ፣ እስከ 34 ምልክቶችን የያዘ እንዲህ ያለ ክትባት ከሌላ የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ በሽታው የመመለስ ወይም ታማሚው የመሞት አደጋ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ44 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ሌላ አነስተኛ ጥናት ደግሞ ክትባቱን ከወሰዱ 16 የጣፊያ ካንሰር ታማሚዎች በስምንቱ ላይ ቲ ሴሎቹ ምልክቱን ለይተው ተነሥተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የጣፊያ ካንሰርን ለሚያውቅ ሐኪም ግን ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለ። ናሙና አሳዩ ኤችኤልኤ ከሰው ሰው፣ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። ምልክትን የሚገምቱት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሠለጠኑት ከአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች መረጃ ነው፤ የአፍሪካ ሕዝቦች ኤችኤልኤ እጅግ የተለያየ ቢሆንም በዚያ መረጃ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው፣ ሜጅ-ኤ4 የተባለውን ምልክት የሚያድን የቲ ሴል ሕክምናም የሚሰጠው የተወሰኑ የኤችኤልኤ ዓይነቶች ላሏቸው ብቻ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያውያን ዕጢና ዘረመል በምርምር ውስጥ መግባቱ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ መድኃኒቱ አገራችን ሲደርስ ለማን እንደሚሠራ የሚወስነው ይኸው ነው።

እስከዚያው ከዚህ ሁሉ ምርምር ዛሬ ለእርስዎ የሚሆን ነገር አለ። የጡት ካንሰር የተገኘባት እህት ወይም እናት ካለችዎት ኸር-2 ተመርምሮ እንደሆነ ሐኪሟን ይጠይቁ። ከዕጢ የተወሰደ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ በቤተሰብ እጅ የሚላክበት ጊዜም አለ። እንዲህ ከሆነ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ መግባቱን፣ ስምና ቀን የተጻፈበት መሆኑን አይተው ይቀበሉ፤ ሳይውል ሳያድርም ያድርሱ። ደርቆ ወይም ያለ ፎርማሊን የቆየ ሥጋ ምልክቱ ስለሚበላሽ ያለውን የለም ሊያሰኝ ይችላል። በሰም ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ናሙና ለሌላ ምርመራ ተመልሶ ሊያስፈልግ ስለሚችልም የት እንደሚቀመጥና መለያ ቁጥሩን ከውጤቱ ወረቀት ጋር ያኑሩ።

«ኢሚዩኖቴራፒ እንሰጣለን» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ የሚያነጣጥረው በየትኛው ምልክት ላይ ነው፣ ያ ምልክት በእኔ ዕጢ ላይ መኖሩስ በምን ምርመራ ታወቀ? አንዳንዱ መድኃኒት በምልክቱ ላይ በቀጥታ አያነጣጥርም፤ የቲ ሴሎችን ፍሬን የሚያላቅቅ ነው። ለዚህም ቢሆን ማን ይጠቀምበታል የሚለው የሚታወቅበት ምርመራ ስላለ መልሱ ግልጽ መሆን አለበት። «አጠቃላይ አቅም ይጨምራል» የሚል መልስ ከመጣ ገንዘብዎን ይዘው ወደ ካንሰር ሐኪምዎ ይመለሱ።

ልጃገረድ ያለችዎት ወላጆችም አትርሱ። የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው ኤችፒቪ ከተባለ ቫይረስ ሲሆን ካንሰሩ የቫይረሱን ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ ፕሮቲኖች ይዞ ይኖራል። እነዚህ ከሰው ያልሆኑ፣ ፍጹም ባዕድ ምልክቶች ስለሆኑ ተመራማሪዎች ለሕክምና እየፈተኗቸው ነው። መከላከያው ክትባት ግን የቫይረሱን ልባስ ለሰውነት አስቀድሞ ያስተዋውቃል፤ ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ሳይገባ በር ላይ ይያዛል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረ ሲሆን በ2017 ዓ.ም በተካሄደው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉት ተካተዋል። ልጅዎ በዚህ ዕድሜ ላይ ሆና ካልተከተበች በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤቷን ይጠይቁ።