ቸርኬን ግቢ ውስጥ መቀባት፦ የሚባለውና እውነቱ

አዲስ አበባ ውስጥ እየነዳ ቸርኬው ሳይጫር ዓመት የሞላው ሰው ዕድለኛ ነው። መኪና ሲያቆሙ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ይፍቀዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ይመታዋል። የሚያብረቀርቀው የአሉሚኒየም ቸርኬ ፊቱ ተልጦ ነጣ ነጣ ማለት ሲጀምር ባለቤቱ ሁለት ሦስት ጣሳ ስፕሬይ ገዝቶ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ሥራ ይጀምራል። በጥንቃቄ የሠራው መልካም ውጤት ያገኛል፤ ገንዘቡንም ይቆጥባል። የሚያሳስበኝ ከጎረቤት፣ ከጎሚስታና ከቀለም ሻጭ እየተቀባበለ የሚመጣው ምክር ነው። ምክሩ ሁሉ ስለ ቀለሙ ነው፦ የቱ ያበራል፣ የቱ ሙቀት ይችላል፣ ስንት ጊዜ ይደረባል። ቸርኬ ግን መኪናውን ከነተሳፋሪው ተሸክሞ የሚሽከረከር አካል ነው። ከቀለሙ ሥር የሚደበቀው ጉዳት፣ ቀለም ፈጽሞ መንካት የሌለበት ቦታና ቀቢው የሚተነፍሰው አየር ከቀለሙ ዓይነት እጅግ ይበልጣሉ።

«አሉሚኒየም አይዝግም፤ ፕራይመር ምን ያደርግለታል?» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። አየር ሲያገኘው ወዲያውኑ ውፍረቱ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ የሆነ፣ በዓይን የማይታይ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ውስጡን የሚጠብቅለትም እሱ ነው። ችግሩ ቀለም እዚህ ሽፋን ላይ በቀጥታ ሲረጭ አጥብቆ አለመያዙ ነው። ለጥቂት ወራት ያምራል፤ ከዚያ ጠጠር ከመታው ቦታ ጀምሮ በቅርፊት በቅርፊት ይነሣል። የፋብሪካው ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚደረበው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) በተሰነጠቀበት በኩል ደግሞ ውሃ ገብቶ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ከክሊሩ ሥር የሚታየው ነጭ ዱቄትና ትል የሄደበት የሚመስለው ቀጭን መስመር ይኸው ነው። በላዩ ላይ ከቀቡበት መበላቱ በአዲሱ ቀለም ሥር ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ ነጩ ዱቄት ጠፍቶ ጤነኛው አሉሚኒየም እስኪወጣ ድረስ መፈተግ፣ ከዚያም ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመር መርጨት ግድ ነው፤ አሲድ ያለበት ወይም ኢፖክሲ የሆነ። ለብረት በር የሚሸጠው ተራ አንቲረስት የእነዚህን ሥራ አይሠራም። ስቱኮ የሚያስፈልግ ከሆነም አሲድ ባለበት ፕራይመር ላይ በደንብ አይይዝም፤ በተፈተገው አሉሚኒየም ላይ ወይም በኢፖክሲው ላይ ይደረግ።

ቸርኬ ላይ የሚታየው ቀላ ያለ ቡናማ ብናኝ ብዙ ሰው ዝገት ይመስለዋል። እሱ ከፍሬን ዲስኩና ከፍሬን ሸራው ተፍቆ የመጣ ብረት ነው፤ ቸርኬው ላይ ተቀምጦ የዛገውም ያ ብረት ነው። ታጥቦ ይወጣል።

ስለ ማጠቡ ደግሞ «በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ወልውለው፤ ቅባቱን ሁሉ ያነሣዋል» የሚል ምክር አለ። ነጭ ጋዝም ናፍጣም የፍሬን ጥቁሩንና የአስፋልት ሬንጁን በእርግጥ ያነሣሉ። ነገር ግን ራሳቸው ቶሎ የማይተን የዘይት ሽፋን ጥለው ይሄዳሉ፤ ቀለም ደግሞ ዘይት ላይ አይይዝም። የባሰው ጠላት ላቫጆ ውስጥ መጨረሻ ላይ ጎማውን ለማሳመር የሚቀባው ማብረቂያ ነው። ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው፤ ጥቂት ሲሊኮን በቀረበት ቦታ ቀለሙ ይሸሽና መሐሉ ክፍት የሆኑ ክብ ክብ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። የሚረጨው ሰው ቀለሙን ይወቅሳል፤ ሌላ ጣሳ ይገዛል፤ ጉድጓዱ ግን እዚያው ይመጣል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ለቀለም ሥራ በተዘጋጀ ቅባት ማስለቀቂያ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግና ሳይተን በሁለተኛ ደረቅ ጨርቅ ማንሣት ነው። ይህ ሁሉ ብርጭቆ ወረቀቱ ሳይነካው በፊት መሠራት አለበት፤ አለዚያ ፍተጋው ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ያስገባዋል። ከፍተጋው በኋላም ይደገም። አሮጌ ቀለም ለማስለቀቅ ኮስቲክ ሶዳ መጠቀም የሚመክሩም አሉ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ራሱን ይበላል፤ እየበላም ተቀጣጣይ የሆነውን የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ከቸርኬ አጠገብ አይድረስ።

«ብርጭቆ ወረቀቱ ሻካራ በሆነ ቁጥር ቀለሙ የበለጠ ይይዛል» የሚለው አጭር መልስ ይበቃዋል። ከቁጥር 80 እስከ 120 ያለው ለጥልቅ ጭረት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ 240፣ ከዚያ ወደ 400 ይታለፋል። በ80 ፈትገው ቀጥታ የረጩበት መስመር በክሊሩ ውስጥ ሳይቀር ይታያል። የድሮው ቀለም አጥብቆ በያዘበት ቦታ መላጥ አያስፈልግም፤ ማብረቁ እስኪጠፋ በ400 ማሸት በቂ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። «ስንጥቁን በስቱኮ ሞልተህ ቀባው፤ ማንም አያውቅም» የሚል ሰው ጎረቤት ውስጥ አይጠፋም። አብዛኛው የአሉሚኒየም ቸርኬ የሚሠራው 7 በመቶ ያህል ሲሊከን የተባለ ንጥረ ነገርና ጥቂት ማግኒዥየም ከተቀላቀለበት አሉሚኒየም ነው። ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ በኋላ 540 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቃል፣ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚህ ሂደት ነው። ስቱኮ ጭረትን ይሞላል እንጂ ሸክም አይሸከምም። ስንጥቅ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ እየተከፈተ ያድጋል። ቀለም ሲደረብበት የሚቀረው ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም በዓይን መታየቱ፣ ይጠፋል። ብየዳውም መፍትሔ አይሆንም፤ ችቦው የነካው አካባቢ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣል። የተጣመመ ጠርዝን በእሳት አግሎ በመዶሻ ማቅናትም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ጣሳ ከመግዛትዎ በፊት ቸርኬውን ፈትተው በጥሩ ብርሃን ይመርምሩት፤ በተለይ ሰው የማያየውን የውስጥ ጎን፣ ክንዶቹ ከመሐሉ ጋር የሚገናኙበትንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ። ምስማር ሳይወጋው በየሳምንቱ ንፋስ የሚያጎድል ጎማ ካለ ቸርኬውን ይጠርጥሩ። ስንጥቅ ከተገኘ ያ ቸርኬ መለወጥ አለበት። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ መፈለግም ይቻላል፤ ግን አዲስ ቀለም የተረጨበትን ያገለገለ ቸርኬ ከመግዛትዎ በፊት ከጀርባው በደንብ ይዩት።

«ቸርኬ ስለሚግል ሙቀት የሚችል ቀለም ያስፈልገዋል» የሚለው ደግሞ ገንዘብ ያስጨርሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ፍሬን ዲስኩ በጣም እንደሚግል እውነት ነው፤ ማርሽ ሳይቀንሱ ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ በመቶዎች ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ቸርኬው ግን ዙሪያውን ንፋስ ስለሚያገኘው ሙቀቱ ከዲስኩ እጅግ ያነሰ ነው። ለጭስ ማውጫ ተብለው የሚሸጡት ቀለሞች ብዙዎቹ በሚገባ የሚጠነክሩት 200 ዲግሪ አካባቢ ሲጋገሩ ነው። ቸርኬ ላይ ያን ሙቀት ስለማያገኙ ለስላሳ እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ጥፍር ይጭራቸዋል፣ ቤንዚን ያነሣቸዋል። ለቸርኬ ወይም ለመኪና አካል የተሠራ ቀለም ይሻላል። በዱቄት ቀለም የሚሠሩ ቤቶች ቸርኬውን 180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ምድጃ ይጋግሩታል፤ እዚያ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ባለሙያ መኖሩን ይጠይቁ፤ ከዚህ በላይ ወይም ለረጅም ሰዓት መጋገር የቸርኬውን ጥንካሬ ይቀንሳል።

ብዙ ሰው «አንዴ ወፈር አድርጎ መርጨት» ይመርጣል። ወፍራም ቀለም ከላይ ይደርቃል፣ ከሥር ርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በክንዶቹ ጠርዝ ይወርዳል። ጣሳውን ለሁለት ደቂቃ ያህል መነቅነቅ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ መርጨት፣ በየ10 እስከ 15 ደቂቃው ሦስት አራት ስስ ድርብ መደረብ ይሻላል። የመጀመሪያው ድርብ ሥሩን ባይሸፍን አይደንግጡ፤ መሸፈን የለበትም። የአየሩም ነገር አለ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቸርኬ ይግላል፤ ቀለሙም ፊኛ ያወጣል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ክሊሩን ያደበዝዘዋል። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ድረስ፣ በጥላ ሥር መሥራት ነው።

ከስንጥቁ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ «ሁሉም ቦታ ቢቀባ ምን ይጎዳል?» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ቸርኬ መኪናው ላይ የሚጸናው ብሎኖቹ ጎትተው ከአቃፊው (ከሃቡ) ገጽ ጋር ስላጣበቁት ነው፤ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ሰበቃ ነው የሚይዘው። ሲጠብቅ ብሎኑ ራሱ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ልጠጣው ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ነው። በቸርኬው ጀርባ ወይም ዳዶው በሚያርፍበት ሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ ቀለም ተደርቦ ሲገኝ፣ ሲሞቅና ሲጨመቅ ይሳሳል፤ ያን ትንሽ ልጠጣ ይወስደዋል፣ ዳዶውም ይላላል። የጠበቀ መስሎት የሄደ ሰው መንገድ ላይ ጎማው ሊወልቅበት ይችላል። ስለዚህ የዳዶ መቀመጫዎቹንና ከአቃፊው ጋር የሚገጥመውን የጀርባ ገጽ በተጠቀለለ ወረቀትና በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ቀለም ከነካቸውም እስከ አሉሚኒየሙ ያጽዱ።

ሲገጥሙ ዳዶዎቹን ተቃራኒ ለተቃራኒ ያጥብቁ። መፍቻው ላይ ቆሞ በእግር መርገጥ የብሎኑን ጥርስ ይጎዳል፤ እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ ብዙ የቶዮታ መኪናዎች ትክክለኛው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቶርክ ሬንች የሌለው ሰው ያለው ጎሚስታ ዘንድ ይሂድ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሽ። ጎማው ሳይወልቅ የሚቀባ ከሆነ ንፋሱን ቀንሶ በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መካከል የመጫወቻ ካርታ መሰካት ጥሩ ዘዴ ነው። የባላንስ ክብደቶቹን ካነሡ ግን ባላንስ ማስደረግ አይቀርም።

የመጨረሻው «ማስክ ካደረግሁ ምንም አልሆንም» የሚለው ነው። በየጋራዡ ሻርፕ አፋቸው ላይ ጠምጥመው የሚረጩ ወጣቶች አሉ፤ ስለ እነሱ አዝናለሁ። ጨርቅም ሆነ በኮሮና ጊዜ የለመድነው ማስክ የቀለምን ትነት አያስቀርም። ተራው ጣሳ ስፕሬይ ሟሟ ስላለው ቢያንስ የካርቦን ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ይፈልጋል። ሃርድነር የሚቀላቀልበት ክሊር ግን ሌላ ነገር ነው። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት በቀለም ሠራተኞች ላይ ከሥራ ለሚመጣ አስም ከታወቁት ዋና መንስኤዎች አንዱ ነው። ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት በኋላ በጣም ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። አደገኛ መጠን ላይ ሲደርስ አፍንጫ አይለየውም፤ ስለዚህ ባለሙያዎች ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭምብል ያደርጋሉ። ይህ ክሊር ቤንዚንና ኬሚካልን የሚቋቋም፣ ከሁሉ የበለጠው መሆኑን አልክድም። የእኔ ምክር፦ ግቢ ውስጥ አይረጭ። እሱን የፈለገ ሰው ቸርኬውን ቀብቶ ክሊሩን የመርጫ ክፍል ላለው ባለሙያ ይስጥ።

እሳቱንም አይርሱ። ጣሳውን የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ ከአየርም ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ወይም ጎረቤት በሚበየድበት ግቢ አይረጭ። ልጆችም ከአካባቢው ይራቁ።

ፊቱ በቶርኖ ተቆርጦ የሚያብለጨልጭ ባለሁለት ቀለም ቸርኬ ያለው ሰው ብርማ ስፕሬይ ያን ፊት እንደማይመልስለት ይወቅ፤ የሚመልሰው ቶርኖ ብቻ ነው፣ ያም በእያንዳንዱ ጊዜ አሉሚኒየሙን ስለሚያሳሳ ገደብ አለው። በጣት ሲነኩት የደረቀ ቀለምም ገና አልጠነከረም። ጎማውን ለማስገጠም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይጠብቁ፤ ላቫጆ ወስደው በኃይለኛ ውሃና በኬሚካል ከማሳጠብዎ በፊት ደግሞ አንድ ሳምንት።