ውጅግራው ስንት ያወጣል?

አሰላ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች ለቅሶ ላይም ገበያ ላይም እየያዙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «አባታችን የተውልን ጠመንጃ ስንት ያወጣል?» ከኢተያ፣ ከሳጉሬ፣ ከበቆጂ ይመጣሉ። ከመልሱ በፊት እኔም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «በአሸዋ ወረቀት ነካክታችሁታል?» አብዛኞቹ «አዎ፣ ዝገቱን አስለቅቀነዋል» ይሉኛል። ያኔ ሆዴ ይባባል። ከዝገቱ ጋር የጠመንጃውን የልደት ወረቀት ፍቀው ጥለውታልና።

አሮጌ ጠመንጃ ማንነቱን በብረቱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። የተሠራበት ፋብሪካ፣ ዓመቱ፣ ተራ ቁጥሩ፣ የመንግሥት ማህተሙ ሁሉ እዚያው ተቀርጿል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓመተ ምሕረቱን ሲያነብ ነው። ውጅግራ የሚባለውን ጠመንጃ እንውሰድ። ጎኑ ላይ «ሴንት ኤትየን» የሚል የፈረንሳይ ፋብሪካ ስምና 1874 የሚል ቁጥር ይታያል። 1874 ሞዴሉ የጸደቀበት የፈረንጅ ዓመት ነው። የተሠራበትን ዓመት ለማግኘት ቱቦው ላይ ያሉትን ትንንሽ ማህተሞች ማየት ያስፈልጋል። ሳንጃው ካለ ደግሞ ሥራው ይቀላል፤ የውጅግራ ሳንጃ ጀርባው ላይ ፋብሪካውና ዓመቱ በእጅ ጽሕፈት መልክ ተቀርጾበታል። ሬሚንግተንም እንዲሁ ነው። ከመዶሻው ኋላ የተደረደሩት የ1864 እና የ1866 ቀኖች የፈጠራ መብቱ የተመዘገበባቸው ናቸው፤ ጠመንጃው ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉ ቢጠፋ እንኳ አከፋፈቱ ይናገራል። ስናድር መዝጊያው እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ቀኝ ይገለበጣል። ይህ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው ነው። ሬሚንግተን መዶሻው ወደ ኋላ ተስቦ፣ ከሱ ፊት ያለው ድፍን ብረት በአውራ ጣት ይጎተታል። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ድል ሲነሱ ብዙ ሬሚንግተን ማርከዋል። ውጅግራ የሚሳብ መዝጊያ አለው፤ ካዝና ግን የለውም፣ አንድ በአንድ ያጎርሱታል። ለበን ከቱቦው ሥር ስምንት ጥይት የሚይዝ ሌላ ቱቦ ደብቋል። የጣሊያኑ ካርካኖ ስድስት ጥይት ከነማቀፊያው ይጎርሳል፤ ብዙዎቹ ላይ ከፈረንጁ ዓመት ጎን የሮማ ቁጥር ይገኛል። እሱ የፋሺስቱ ዘመን አቆጣጠር ነው። አሥራ አራተኛው ዓመት ላይ የተሠራ ካርካኖ ባገኝ፣ አገራችን በተወረረችበት ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ መሆኑን አውቃለሁ። ቤልጅግ አምስት ጥይት ይይዛል፤ ለክብር ዘበኛ ከተገዙት መሣሪያዎች አንዱ ነው።

አርሲ ውስጥ የእነዚህ ብረቶች ታሪክ ቀላል አይደለም። በ1870ዎቹ የራስ ዳርጌ ጦር ወደዚህ ሲዘምት የአርሲ ፈረሰኛ በጦርና በጋሻ ነበር የጠበቀው። በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ አዙሌ ላይ የተደረገውን ውጊያ የወሰነው ጠመንጃ ነው። አንዱ ቤት የድል ማስታወሻ የሚባለው ብረት ጎረቤቱ ቤት የሐዘን ምልክት ነው። አስተማሪ ሆኜ ሁለቱንም ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው ባይ ነኝ። የአደን ጠመንጃም አለን። የደጋ አጋዘንን ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1908 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሜጀር አይቨር በክስተን በአርሲ ተራሮች ላይ የገደለው ነው፤ በላቲን ስሙም «በክስቶኒ» ተብሎ ቀርቷል።

አሁን ወደ ዋጋው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ተሸጠዋል። ሰብሳቢዎች ብዙውን ካርካኖና ውጅግራ እንደየይዞታው በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ገዙት። ዋጋውን ከፍ ያደረገው የብረቱ ማማር አይደለም። የአንበሳ ማህተምና የግዕዝ ቁጥር ያለበት፣ የመዝጊያውና የአካሉ ተራ ቁጥር አንድ የሆነ፣ ሰደፉ ያልተቀየረ፣ ቱቦው ያልተቆረጠ ይፈለጋል። የአገራችን ሰው የተሰነጠቀ ሰደፍ በጥሬ ቆዳ ጠፍሮ፣ በመዳብ ሽቦ አስሮ ይጠግናል። ይህን ጥገና ፈትታችሁ አዲስ እንጨት አታልብሱት። ቆዳው ራሱ ታሪክ ነው። ቫርኒሽም አትቀቡ፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ስስ ዘይት መቀባት ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ አሮጌ ሁሉ ባዶ ነው ብላችሁ አታስቡ። ጎርሶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ልጆች እንዳይነኩት አድርጉ፣ የሚያውቅ ሰው ባዶ መሆኑን ያረጋግጥ፣ ለመሞከር ብላችሁም አትተኩሱት። ብዙዎቹ ለጥቁር ባሩድ የተሠሩ ናቸው፤ ያረጀው ብረት በዛሬ ባሩድ ግፊት ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። «የአያቴ ነው» ማለት ከሕግ አያድንም፤ ለፖሊስ ቀርቦ ማሳወቅ ይሻላል። ቅርስ የሆነውን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በቅርስ አዋጁ ተከልክሏል። ስለዚህ ጓሮ ለጓሮ ለሚዞር ደላላ አታሳዩት።

«ስንት ያወጣል?» ለሚሉኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ወሬው የጠፋበት ውጅግራ ከብዙ ሺህ ውጅግራዎች አንዱ ብቻ ነው። ማን ከማን እጅ እንዳገኘው፣ የትኛው ዘመቻ ላይ እንደተሸከመው፣ በማን ለቅሶ ላይ እንደተያዘ የሚታወቅለት ግን ሙዚየም የሚፈልገው ዕቃ ይሆናል። ያን የሚያውቁት አዛውንቶች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ማህተሞቹን ፎቶ አንሡ፤ ደብተር ይዛችሁም የሰማንያ ዓመት አጎታችሁ ዘንድ በዚህ ሳምንት ሂዱና የሚሉትን እንዳለ ጻፉት።