የተዳፈነ ፍም

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ስንዘዋወር ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል፦ «ኤች አይ ቪ በደሜ አልታየም ካሉኝ ኪኒኑን ብተወውስ?» ቢተውት ቫይረሱ ባብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል። ታዲያ የት ከርሞ መጣ?

ቫይረሱ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ሲገባ የራሱን ዘር ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል። ዲ ኤን ኤ የሴሉ የዘር መዝገብ ነው። ከዚያ ኢንቴግሬዝ የሚባለው ፕሮቲኑ ግልባጩን ከኛው መዝገብ ጋር ይሰፋዋል። ፕሮቲን እንደ እርሻ ዕቃ ነው፤ ሞፈሩ ከቀንበር ይያያዛል፣ ማረሻው መሬቱን ይሰነጥቃል፣ ሥራቸው ለየቅል ነው። ኢንቴግሬዝም ሦስት ክፍል አለው፤ ቆርጦ የሚያጋጥመው የመካከለኛው ነው። ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት የሚይዘው ይህንኑ ስለት ነው። ማረሻው ከታሰረ ሞፈሩ ብቻውን ምን ያርሳል?

ቀድሞ የተሰፋውን ግን አይፈታውም። ሴሉ ሲያርፍ የቫይረሱም ዘር አብሮት ይተኛል፣ ለዓመታትም ይቆያል። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍኑት የለ? ጭስ የለም፤ እሳቱ ግን አለ። ሴሉ ሲነቃ ታት የተባለ ሌላ የቫይረሱ ፕሮቲን እንደ ወናፍ ያራግበዋል። ባንድ ወገኑ በቫይረሱ መልእክት ላይ ይጣበቃል፣ በሌላው ግልበጣውን የሚያፋጥኑ የሴሉን ረዳቶች ይጠራል። ያኔ አዲስ ቫይረስ በብዛት ይወጣል።

በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን የወጣው ቫይረስ ወደ ሌላ ሴል እንዳይዛመት ያግደዋል። በሀገራችን ይህ ሕክምና ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ምርመራው «አልታየም» ቢልም አይቋረጥም።