ካሜራው ከወፎቹ ዘንድ፣ እኛ ከሩቅ

ከወረታ ወደ ጣና ሐይቅ የሚያቀና መንገደኛ ርብና ጉማራ ወንዞች ደለል ያለበሱትን ሰፊውን የፎገራ ሜዳ ያያል። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲሸሽና ሩዙ ሲታጨድ፣ በማሳዎቹና በሸሸርና በወላላ ረግረጎች አካባቢ ልዩ ልዩ ወፎች ይሰፍራሉ። ከእነዚህ አንዱ ወርቃማ ዘውድ የደፋ የሚመስለው ጥቁሩ ባለ ዘውድ ክሬን (ባሌአሪካ ፓቮኒና) ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑ ዝርያዎች ይመደባል። ረግረጉም በእርሻ መስፋፋት ምክንያት እየጠበበበት ነው።

ይህን ወፍ ፎቶ ለማንሳት የሚጠጋ ተማሪ ወፉን ያስነሣዋል። ለእኛ የሚቀርብን አንድ ፎቶ ነው፤ ለወፉ ግን መኖው ይቋረጣል፣ ጉልበቱ ይባክናል፣ በመራቢያ ወቅትም እንቁላሉን ጥሎ ሊሸሽ ይችላል። መፍትሔው ካሜራውን አቅርቦ ሰውየውን ማራቅ ነው። ታዲያ የጣታችንን ትእዛዝ ማን ያደርስልናል?

በብዙ ካሜራዎች ላይ ያለው የርቀት ማዘዣ ቀዳዳ በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሁለት ሽቦዎች ሲገናኙ ካሜራው ያነጣጥራል፤ ሦስተኛው ሲጨመር የብርሃን መዝጊያው ተከፍቶ ይዘጋል። ስማርት ስልክ ይህንኑ ሥራ በሽቦ ፈንታ በሞገድ ይሠራል።

የመጀመሪያው ዘዴ ታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ጨረር ነው። ዓይናችን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ያያል፤ የማዘዣው ጨረር ግን ወደ 940 ናኖሜትር ስለሚጠጋ አይታየንም። ተቀባዩ እንዲለየው በሰከንድ ከ30,000 እስከ 40,000 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ይሁን እንጂ ቅጠል ይጋርደዋል፤ ፀሐይም ራሷ ታሕተ ቀይ ጨረር ስለምትረጭ ተቀባዩን ታደናግረዋለች። ከተማሪዎቼ ጋር በሞከርነው ጊዜ፣ ክፍል ውስጥ በሚገባ የሠራው ማዘዣ ቀትር ላይ በሜዳው ከጥቂት እርምጃ በላይ አልታዘዝም ብሎናል።

ሁለተኛው ዘዴ ብሉቱዝ ወይም ዋይፋይ ነው። ሁለቱም በ2.4 ጊጋኸርትዝ ድግግሞሽ ሊሠሩ ይችላሉ። የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ ብናካፍል የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ርቀቱ ከ10 ወደ 40 ሜትር ሲያድግ የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። እርጥብ ሣርም ከዚያው ላይ ይቀንሳል።

ከዚህ በላይ ሞገዱ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ባለው ቀጥተኛ መስመር ዙሪያ ክፍት ቦታ ይሻል። ስፋቱ መሐል ላይ ከፍተኛ ሲሆን፣ የሞገዱን ርዝመት በርቀቱ አባዝተን የዳግም ዘሩን (ስኩዌር ሩት) ግማሽ ብንወስድ ለ40 ሜትር 1.1 ሜትር ያህል እናገኛለን። ስለዚህ ስልኩም ካሜራውም ሣር ውስጥ ቢቀመጡ መሬቱ መንገዱን ይዘጋል። ካሜራው በ40 ሴንቲሜትር ከፍታ መቀመጥ ካለበት፣ ስልኩን በዱላ ጫፍ 1.8 ሜትር ከፍ ብናደርገው የመስመሩ መሐል 1.1 ሜትር ላይ ይውላል።

ዋይፋይ ካሜራው የሚያየውን በስልኩ ገጽ ያሳያል፤ ምስሉ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። መዘግየቱ 0.2 ሰከንድ፣ የወፉ ፍጥነትም በሰከንድ 10 ሜትር ቢሆን፣ ወፉ ካየነው ቦታ 2 ሜትር አልፏል። ስለሆነም ለሚበር ወፍ ተከታታይ ፎቶዎችን ማንሳት ይበጃል።

ካሜራ የሌለው ተማሪም መሞከር ይችላል። በብዙ ስልኮች ላይ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ፎቶ ያነሣል፤ አነስተኛው የብሉቱዝ ቁልፍም ለስልኩ የሚልከው ይህንኑ ትእዛዝ ነው።

ወደ ሜዳው ስንወርድ ግን የማሳውን ባለቤት እናስፈቅድ፤ ካሜራውን ወፎቹ ከመምጣታቸው በፊት ጎሕ ሳይቀድ እንትከል፤ ድምፁን እናጥፋ፤ ወደ ጎጆ ከቶ አንጠጋ። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። በጎውን ፎቶ የምናውቀውም ካነሣነው በኋላ ወፉ መኖውን መልቀም ሲቀጥል ነው።